ክርስቶስ ካሣ ከፈለ ስንል የከፈለው ለማን ነው?

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ የድሬና የሐረር ልጆች። ብዙ ጊዜ ውስጤን ሲበላኝ የቆየ ጥያቄ ይዤ መጣሁ። "ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን ካሣ ከፈለ" እንላለን። ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ እየሰማሁት ነው ያደግሁት። አምነዋለሁም። ግን ካሣ ከተከፈለ፣ የተቀበለው ማን ነው?

መሥሪያ ቤት ምሳ ላይ ነገሩ ተነስቶ ሦስት ዓይነት መልስ ሰማሁ። አንዱ "ለዲያብሎስ ነው፣ የሰው ልጅ በሱ እጅ ምርኮኛ ስለነበር" አለ። ሌላው "ለአብ ነው፣ የተበደለው እሱ ስለሆነ" አለ። አንዷ ደግሞ "ለማንም አይደለም፣ እንዲያው አነጋገር ነው" አለች። ሦስቱም አላሳረፉኝም። ዲያብሎስ ሌባ ነው። ሌባ ምን መብት ኖሮት ነው ካሣ የሚቀበለው? ለአብ ከሆነ ደግሞ ደም ካላየ ይቅር የማይል አባት ሊሆንብኝ ነው። በሉቃስ 15 ላይ ያለው አባት የጠፋው ልጁ ሲመጣ ሮጦ ነው አንገቱን ያቀፈው። "መጀመሪያ የበላኸውን ገንዘብ አምጣ" አላለውም። ለማንም አይደለም ካልን ደግሞ መስቀሉ ለምን አስፈለገ?

እባካችሁ ኦርቶዶክስ፣ ጴንጤ እየተባባልን አንሰዳደብ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። የማንኛችሁንም መልስ ግን በደንብ አነባለሁ።

ሳቢያን (ድሬዳዋ)

ወንድሜ፣ የተከፈለው ለእግዚአብሔር ፍትሕ ነው። ሮሜ 6:23 የኃጢአት ደመወዝ ሞት ነው ይላል። እግዚአብሔር በደልን ዝም ብሎ ቢያልፈው ቃሉን አጠፈ ማለት ነው። ቢቀጣው ደግሞ እኛ አንተርፍም። ሮሜ 3:25-26ን ቀስ ብለህ አንብበው። ክርስቶስን ማስተስረያ አድርጎ ያቆመው ራሱ ጻድቅ እንዲሆን፣ በኢየሱስ የሚያምነውንም እንዲያጸድቅ ነው። ፍትሕና ምሕረት የተገናኙት መስቀሉ ላይ ነው።

ኢሳይያስ 53ም ክርስቶስ ከመወለዱ በመቶዎች ዓመታት በፊት ተጽፎ፣ የደኅንነታችን ተግሣጽ በእርሱ ላይ እንደነበረ ይናገራል። በእኛ ፈንታ ተቀጣ። ለኔ ወንጌል ይሄ ነው። ይሄን የተረዳሁ ቀን ነው ሌሊቱን በሰላም የተኛሁት።

የከዚራ ልጅ

አመሰግናለሁ ሳቢያን። ግን "በእኛ ፈንታ ተቀጣ" ስትል የቀጣው ማን ነው? አብ ከሆነ፣ ቅድም ያልኩት ጭንቀት ተመልሶ መጣ።

መምህር ዘሸንኮር (ሐረር)

ልጄ፣ የጠየቅኸው ጥያቄ ትልልቅ አባቶችን ያከራከረ ነው። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

በመጀመሪያ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ታሪኩን ከየት እንደምትጀምር ተመልከት። ከፍርድ ቤት አትጀምርም። ከአዳም ልቅሶ ነው የምትጀምረው። አዳም ከገነት ወጥቶ ሲያለቅስና ሲጸጸት እግዚአብሔር "በአምስት ቀን ተኩል ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ" ብሎ ቃል ገባለት። በጌታ ፊት አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነውና አባቶች 5500 ዓመት ብለው ቆጠሩት። ያ ዘመን ሲፈጸም የመጣውን ነው ዓመተ ምሕረት የምንለው። ደብዳቤ ላይ ቀን ጽፈህ ዓ.ም. ባልህ ቁጥር ይሄን ቃል ኪዳን እየጠራህ ነው።

ሁለተኛው የዕዳ ደብዳቤው ነው። በጥምቀት በዓል ስብከት ላይ ሰምተኸው ይሆናል። ዲያብሎስ አዳምንና ሔዋንን በመከራቸው ጊዜ አታልሎ "አዳም የዲያብሎስ ባሪያ፣ ሔዋን የዲያብሎስ ገረድ" የሚል ጽሕፈት ተቀበላቸው። አንዱን በዮርዳኖስ፣ አንዱን በሲኦል አስቀመጠው። ጌታ ሲጠመቅ የዮርዳኖሱን ደመሰሰ። ነፍሱ ወደ ሲኦል በወረደች ጊዜ ደግሞ የሲኦሉን። ቆላስይስ 2:14 ላይ በእኛ ላይ የነበረውን የዕዳ ጽሕፈት ደመሰሰው የሚለውን አባቶች በዚህ ያብራሩታል። እንግዲህ ልብ በል። ደብዳቤው በማታለል የተወሰደ ነው። ማታለል መብት አይሰጥም። ለዲያብሎስ የተከፈለው ምንም ነገር የለም። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 15 እንደሚለው ተገፈፈ እንጂ አልተከፈለውም።

ሦስተኛው፣ የሰኞ ውዳሴ ማርያም የመጀመሪያ መስመር ነው። "ፈቀደ እግዚእ ያግዕዞ ለአዳም ኅዙነ ወትኩዘ ልብ ወያግብኦ ኀበ ዘትካት መንበሩ።" ልቡ ያዘነና የተከዘ አዳምን ጌታ ነፃ ሊያወጣው፣ ወደ ቀድሞ መንበሩም ሊመልሰው ወደደ ማለት ነው። "ፈቀደ" ነው የሚለው። ማንም አላስገደደው። ቁጣው በደም እስኪበርድ አልጠበቀም። ወደደ፣ መጣ።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልግባ። በ4ኛው መቶ ዓመት ሁለት ወዳጆች ነበሩ። ሁለቱም ጎርጎርዮስ ይባላሉ። ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ቤዛው ለዲያብሎስ እንደቀረበ፣ ዲያብሎስም ሥጋውን ሊውጥ ሲል በመለኮቱ እንደተያዘ አድርጎ አስተማረ። ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ግን ልክ እንደ አንተ "ደሙ ለማን ቀረበ?" ብሎ ጠየቀ። ለዲያብሎስ ማለትን ተጸየፈው። ወንበዴ እንዴት እግዚአብሔርን ራሱን ቤዛ አድርጎ ይቀበላል አለ። ለአብስ? ያሠረን አብ አልነበረም። ይስሐቅ እንኳ ሲቀርብለት በበግ የለወጠ አምላክ በአንድ ልጁ ደም እንዴት ይደሰታል? ብሎ መለሰ። አብ የተቀበለው ስለጠየቀ ወይም ስለጎደለው አይደለም አለ። ሰው አምላክ በተዋሐደው ሥጋ መቀደስ ስለነበረበት ነው።

እኔም የምይዘው ይሄንኑ ነው። "ለማን" የሚለው ጥያቄ የተወሰነ ርቀት ድረስ ይወስድሃል። ከዚያ በኋላ "ማን ከፈለ" እና "እኛን ምን አደረገን" ወደሚለው መሻገር አለብህ።

ቁልቢ መንገድ

መምህር እግዜር ይስጥልን። እኔ ያደግሁት በሐረርጌ ገጠር ነው። እኛ ጋ ሰው ከሞተ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ጉማ ይቆረጣል። የሚከፍለው የገዳይ ወገን ነው። ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ ይከፍላል። የተበደለው ወገን ይቀበላል፣ ይታረቃል፣ ደም ይደርቃል። የተበዳይ ቤተሰብ ራሱ ካሣውን ሲከፍል አይቼ አላውቅም። ሰምቼም አላውቅም። በክርስቶስ የሆነው ግን ይሄ ነው። የተበደለው እሱ፣ የከፈለውም እሱ። ለዚህ ነው "ተቀባዩ ማን ነው" የሚለው ጥያቄ አልፈታ ያለን። በእኛ ሥርዓት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ከፋይ የለማ!

የከዚራ ልጅ

አቦ ቁልቢ መንገድ! ይሄን ማታ ሳስበው ነው የማድረው።

መምህር፣ አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። ጌታ ወዶ ከመጣ፣ አብም ካልተቆጣ፣ ለምን በቃል ብቻ "ይቅር ብያችኋለሁ" አላለም? የጠፋው ልጅ አባት እንዳደረገው።

መምህር ዘሸንኮር

ይሄን ቅዱስ አትናቴዎስ መልሶታል። የእኛን የመጀመሪያ ጳጳስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን እስክንድርያ ላይ የሾመው እሱ ስለሆነ፣ ትምህርቱ ለእኛ የቤት ነው። የሰው ችግር ጥፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ንስሓ በበቃ ነበር አለ። ሰው ግን ሟች ሆነ። መበስበስ ባሕርዩ ውስጥ ገባ። "ይቅር ብዬሃለሁ" የሚለው ቃል በደሉን ይተውለታል፤ ከመቃብር ግን አያወጣውም። ስለዚህ ቃል ሥጋን ለበሰ። በሥጋው ሞትን ተቀበለ። ሞትም ሕይወት የሆነውን ሊይዝ አልቻለምና ተሸነፈ።

የጠፋው ልጅ አባት ምንም አልከፈለም ያልከውንም እንደገና አስበው። ለልጁ ያካፈለው ሀብቱ ጠፍቶበታል። በመንደሩ ፊት ሮጧል። ለታላቁ ልጁም ወጥቶ ለምኗል።

አጥቢያ ኮከብ (ድሬዳዋ)

እኔ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የነገረ መለኮት ትምህርት የምከታተል ነኝ። ሳቢያን ያለው ከየት እንደመጣ ላስረዳ። ብዙ ሰው አዲስ ትምህርት ይመስለዋል።

የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ አንሰልም በ1098 በፈረንጆች አቆጣጠር አንድ መጽሐፍ ጨረሰ። ጥያቄው አምላክ ለምን ሰው ሆነ የሚል ነበር። ሰው ለእግዚአብሔር የሚገባውን ክብር ነፍጓል። መመለስ ያለበት ሰው ነው። መመለስ የሚችለው ግን እግዚአብሔር ብቻ ነው። ስለዚህ አምላክም ሰውም የሆነ አንድ አካል አስፈለገ። እዚህ ጋ ቅጣት የሚለው ሐሳብ ገና አልገባም፤ ክብርን መመለስ ነው ነገሩ። ከሱ ቀጥሎ የመጣው አቤላርድ ደግሞ መስቀሉ የእግዚአብሔርን ፍቅር ገልጦ ልባችንን እንደሚያቀልጥ አጥብቆ ተናገረ። የቅጣቱን ሐሳብ በደንብ ያደራጁት በ16ኛው መቶ ዓመት የተነሱት ተሐድሶ አራማጆች ናቸው፤ በተለይ ካልቪን። እሱ ሕግ የተማረ ሰው ነበር። ቋንቋው የፍርድ ቤት መሆኑ አይገርምም።

እንግዲህ የኛው መድረክ ላይ አንዳንዴ የሚሰበከው ነገር ያሳምመኛል። አብ በቁጣ ቆሞ፣ ወልድ መሐል ገብቶ እንደሚያስጥለን ተደርጎ ሲቀርብ። ይሄ ካልቪንም አላለውም። መጽሐፍም አይልም። 2ኛ ቆሮንቶስ 5:19 እግዚአብሔር በክርስቶስ ሆኖ ዓለሙን ከራሱ ጋር ያስታርቅ ነበር ነው የሚለው። አስታራቂው ራሱ እግዚአብሔር ነው። አብ ልጁን የሰጠው ስለወደደን ነው፤ ልጁን ስለሰጠ አይደለም የወደደን። ዮሐንስ 3:16 ቅደም ተከተሉን አስቀምጦታል።

ግን ኢሳይያስ 53ን ከእጄ እንድጥለው አትጠይቁኝ። የእኛ በደል በእሱ ላይ ተጭኗል። ይሄ ቃል በቃል ተጽፏል።

የጀጎል ጎረቤት (ሐረር)

እህታችሁ ነኝ። ወንዶቹ ስለ ደም ብዙ ተናገራችሁ። ደሙ ከየት እንደመጣ ግን ማንም ዘሌዋውያን 16ን አልከፈተም። እኔ ልክፈተው።

የማስተስረያ ቀን በሰባተኛው ወር በአሥረኛው ቀን ነው። በዓመት አንዴ። ሊቀ ካህናቱ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን የሚገባበት ብቸኛ ቀን ነው። ሁለት ፍየሎች ይቀርባሉ፣ ዕጣ ይጣላል። አንደኛው ይታረዳል። ደሙ ወደ ውስጥ ገብቶ መቅደሱ ይነጻል። ቁጥር 16 ይሄን ግልጽ አድርጎ ነው የሚናገረው፤ ከሕዝቡ ርኩሰት የተነሳ መቅደሱ እንዲነጻ ይላል። ሁለተኛው ፍየል በሕይወት ይቀራል። አሮን ሁለት እጁን በራሱ ላይ ጭኖ የሕዝቡን ኃጢአት ሁሉ ይናዘዝበታል። ከዚያ ወደ ምድረ በዳ ይሰደዳል።

አስተውሉ። ኃጢአት የተጫነበት ፍየል አይታረድም። የሚታረደው ደግሞ ኃጢአት አልተጫነበትም። እኔ ይሄን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ለረጅም ጊዜ ተቀምጬ አሰብኩበት። አንድም ቦታ "እግዚአብሔር ፍየሉን ቀጣው" አይልም። ደሙ ያነጻል፤ ስደተኛው ፍየል ያርቃል። ክርስቶስ ሁለቱንም በአንድ አካል ፈጸመ።

ዘሌዋውያን 17:11 ደግሞ የከዚራ ልጅን ጥያቄ ከሥሩ ይነቅለዋል። የሥጋ ሕይወት በደሙ ውስጥ ነው ካለ በኋላ፣ ለነፍሳችሁ ማስተስረያ እንዲሆን በመሠዊያው ላይ "ሰጠኋችሁ" ይላል እግዚአብሔር። ማስተስረያውን የሰጠው እሱ ነው! ከመጀመሪያውም ሰው ለአምላክ የሚከፍለው ጉቦ አልነበረም።

ሌላም አለ። ስደተኛው ፍየል ከሰፈር ወጣ። ዕብራውያን 13:12 ኢየሱስ ከበር ውጭ መከራን ተቀበለ ይላል። ከጀጎል በሮች በአንዱ በወጣሁ ቁጥር ይሄ ጥቅስ ይመጣብኛል። ከተማዋ አምስት የቀድሞ በሮች አሏት። ከበር ውጭ መባል ምን ያህል ከሰው መለየት እንደነበር፣ በግንብ በታጠረች ከተማ የሚኖር ሰው ቶሎ ይገባዋል።

አብሮ አደግ (ድሬዳዋ፣ መጋላ)

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። እኔ ሙስሊም ነኝ። ክሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ሳነበው አመሸሁ። ወላሂ በንጹሕ ልብ ነው የምጠይቀው። በቁርአን ማንም ነፍስ የሌላውን ሸክም አትሸከምም ተብሏል። አላህ ደግሞ ተውበት (ንስሓ) ላደረገ መሐሪ ነው። እናንተ ጋ አንዱ የሌላውን ኃጢአት ሲሸከም ፍትሑ እንዴት ነው?

ሁለተኛ፣ እኛ ጋ የሰው ሐቅ የሚባል ነገር አለ። ሰው በድለህ ለአላህ ብትሰግድ፣ ባለሐቁ አፉ ካላለህ ነገሩ አያልቅም። ክርስቶስ ከፍሏል ካላችሁ የሰው ሐቅ የት ይገባል?

መምህር ዘሸንኮር

ወዐለይኩም ሰላም፣ ወንድሜ። የመጀመሪያው ጥያቄህ በእኛም መጽሐፍ አለ። ሕዝቅኤል 18:20 ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ይላል። ስለዚህ አንድ ንጹሕ ሰው ተይዞ በሌላው ፈንታ ቢቀጣ እኛም ግፍ ነው የምንለው። እኛ የምናምነው ግን ሌላ ነው። የተሸከመው በግድ የተያዘ ሦስተኛ ወገን አይደለም። የፈጠረን፣ የተበደለውም፣ ሥጋችንን የተዋሐደውም እሱ ነው። ዮሐንስ 10:18 ላይ ነፍሱን ማንም እንደማይወስዳት፣ በፈቃዱ እንደሚያኖራት ተናግሯል። በዚህ ላይ እንደማንስማማ አውቃለሁ። እምነታችን የሚለያየው ክርስቶስ ማን ነው በሚለው ላይ ነውና እዚህም መለያየቱ የግድ ነው።

ሁለተኛው ላይ ግን አንድ ነን። ማቴዎስ 5:23-24 መባህን ይዘህ መጥተህ ወንድምህ ቂም እንደያዘብህ ካስታወስህ፣ መባውን እዚያው ትተህ ሄደህ ታረቅ ይላል። ዘኬዎስ ጌታ ቤቱ ሲገባ የቀማሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ጌታም "ተው፣ እኔ እከፍልልሃለሁ" አላለውም። ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆነ አለ።

ገንደ ቆሬ (ድሬዳዋ)

እንግዲያው እኔም ልናገር። ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ አነብ ነበር። አባታችን በቅርቡ አረፉ። ንስሓ ገብተው፣ ቆርበው ነው ያረፉት። ከዚያ በኋላ ደብተራቸው ውስጥ ለአንድ የቀፊራ ነጋዴ ያልከፈሉት ዕዳ አገኘን። ነጋዴውም ሙስሊም ነበሩ፣ እሳቸውም አርፈዋል። ወረቀት የለም፣ ምስክር የለም። የጻፉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ወንድሜ "ንስሓ ገብተዋል፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለዋል፣ ክርስቶስ ከፍሎታል፣ አለቀ" ይላል። እህቴ ደግሞ "ቁልቢ ስለት እናግባላቸውና ይሰረይላቸው" ትላለች። እኔ የማደርገው ጠፋኝ።

ሳቢያን

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። በእምነት ብቻ እንደምንድን ከሚያስተምሩት ወገን ነኝ። ግን ወንድምህ ተሳስቷል። ክርስቶስ የከፈለው በእግዚአብሔር ፊት ያለውን ነው። የነጋዴው ልጆች ገንዘብ የነጋዴው ልጆች ነው።

ዘኍልቍ 5:7-8ን እይ። የበደለ ሰው ይናዘዝ፣ የወሰደውን ሙሉውን ይመልስ፣ አምስተኛ እጅ ይጨምርበት ይላል። ባለገንዘቡ ከሌለ ለዘመዱ ይመለሳል። ዘመድ ከሌለው ለእግዚአብሔር፣ ማለት ለካህኑ። ከዚያ ሌላ ማስተስረያው በግ አለ። ተመልከት፣ ሁለቱም ለየብቻ ነው የተጠቀሱት። በጉ ገንዘቡን አይተካም። ገንዘቡም በጉን አይተካም።

መምህር ዘሸንኮር

ሳቢያን በትክክል ተናገረ። የምጨምረው ትንሽ ነው።

ለእህትህ እንዲህ በላት። ስለት የምስጋና ነው። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ የሚወጣው ሕዝብ የለመነውን ስላገኘ ሊያመሰግን ነው የሚወጣው። የሰውን ገንዘብ ቤታችሁ አስቀምጣችሁ ለገብርኤል ጃንጥላ ብታስገቡ፣ ከነጋዴው ልጆች ኪስ አውጥታችሁ ሰጣችሁ ማለት ነው። መልአኩ ይሄን አይወድም።

ንስሓንም በተመለከተ ብዙ ሰው ቀኖናን ክፍያ ያደርገዋል። ስግደትና ጾም የሚታዘዝልህ የኃጢአትህን ዋጋ እንድትከፍል አይደለም። ያን ዋጋ አንተ ሺህ ጊዜ ብትሰግድ አትደርስበትም። በስቅለት ዓርብ ማታ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባህን ጠብ ጠብ አድርጎ ስግደት ሲያዝህም እንዲሁ ነው። የልብህን አቅጣጫ ለመመለስ ነው። ንስሓ አባት ደግሞ የሰው ገንዘብ እንዳለብህ ከሰማ መጀመሪያ የሚልህ "መልስ" ነው። አባታችሁ ደብተሩ ላይ መጻፋቸው ራሱ መመለስ እንደፈለጉ ያሳያል። ሞት ቀደማቸው እንጂ።

አጥቢያ ኮከብ

ፊልሞና 1:18-19ን ደግሞ አንብብ፣ ገንደ ቆሬ። ጳውሎስ ስለ ፊልሞና ባሪያ ስለ አናሲሞስ ለፊልሞና ሲጽፍ፣ በድሎህ ወይም ዕዳ ኖሮበት ከሆነ በእኔ ላይ ቁጠረው፣ እኔ እመልሳለሁ፣ በእጄ ጽፌዋለሁ ይላል። ስለ ክርስቶስ ብዙ የሰበከ ሰው የወንጌልን ትምህርት በገንዘብ ሲፈጽመው ነው እዚህ የምናየው። አንተም ስለ አባትህ እንዲህ ማለት ትችላለህ። ግዴታ ስለሆነብህ አይደለም፤ ሕዝቅኤል ልጅ አይጠየቅም ብሏል። ወደህ ነው።

አብሮ አደግ

እኛ ጋም የሟች ዕዳ ከውርስ በፊት ይከፈላል። ልጆቹን ፈልጎ ማግኘት ካቃታችሁ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ቀፊራን አውቀዋለሁ። አብረን እንሄዳለን።

ገንደ ቆሬ

ለመለሳችሁልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። በአብሮ አደግ በኩል ልጆቻቸውን አገኘናቸው። ወንድሜም መጨረሻ ላይ አብሮ መጣ። ታላቁ ልጅ ግማሹን ተቀበለ፣ ግማሹን ተወው። "አባቴም ቢኖር እንዲህ ያደርግ ነበር፣ አፉ ብለናል" አለን። አምስተኛውን ጭማሪ ግን አንቀበልም አሉ። እኛም አልጨቀጨቅናቸውም።

የከዚራ ልጅ

ገንደ ቆሬ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። የተወውን ግማሽ ሳስብ ነበር። የትም አልሄደም እኮ። እሱ ኪስ ላይ ቀረ። "ለማን ተከፈለ" ብዬ የጀመርኩት ሰውዬ አሁን "ማን ላይ ቀረ" ብዬ ነው የማስበው።

መምህር፣ አንድ ብቻ ልጨምር። "አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ" የሚለውስ? እዚያ ላይ አብ ፊቱን ያዞረ ነው የሚመስለው።

ሳቢያን

እኔም እዚህ ላይ ነው ከመምህር የምለየው። ገላትያ 3:13 ስለ እኛ እርግማን ሆነ ይላል። እርግማን ማለት ቀላል ነገር አይደለም። መምህር የጎርጎርዮስን ትምህርት ሲያስረዱ ደስ ብሎኛል። ፍርዱ ግን በመስቀሉ ላይ እውነተኛ ካልነበረ፣ የእኔ ኃጢአት የት ተፈረደበት? ለስላሳ አታድርጉት።

መምህር ዘሸንኮር

ልክ ነህ ልጄ፣ ማለስለስ የለብንም። ሞት ተፈርዷል፣ ኃጢአትም ተፈርዶበታል። ሮሜ 8:3 እግዚአብሔር ኃጢአትን በሥጋ ኮነነ ይላል። የተኮነነው ኃጢአት ነው። አብ ልጁን ኮነነ ግን አይልም። እኔና አንተ የምንለያየው በዚህች ላይ ነው። ዛሬ እዚህ አንጨርሳትም።

ስለ ጩኸቱ። ጌታ በመስቀል ላይ የጠራው የመዝሙር መጀመሪያ ነው። በዳዊታችን 21ኛው፣ በብዙ የታተሙ መጽሐፍ ቅዱሶች 22ኛው። ማንም አይሁዳዊ የመጀመሪያውን መስመር ሲሰማ ቀሪውን ያውቀዋል። እጆቼንና እግሮቼን ቸነከሩኝ ይላል። ልብሶቼን ተከፋፈሉ ይላል። ከዚያ ወረድ ብሎ የችግረኛውን ችግር አልናቀም፣ ፊቱንም አልሰወረም፣ በጮኸ ጊዜ ሰማው ይላል። ጩኸቱ የእኛ ነው፣ የአዳም። ጌታ በእኛ አፍ ጮኸ። አብ ግን ፊቱን አላዞረም። መዝሙሩ ራሱ አላዞረም ይላል። ሳቢያን፣ አንተም ዛሬ ማታ እስከ መጨረሻው አንብበውና ያየኸውን ጻፍልኝ።